የአክስቴ ክንድና የሚያበራው ብልቃጥ

ዛሬ ላቦራቶሪ ውስጥ ብልቃጦቹን አልትራቫዮሌት መብራት ስር ደረደርኳቸው። አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ብርቱካናማ፣ ሌላው እንደ ፍም ቀይ። ሁሉም የተሠሩት ከአንድ ነገር ነው፣ ከካድሚየም ሴሌናይድ። የሚለያቸው ውስጣቸው ያሉት በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ቅንጣቶች መጠን ነው፤ ትንንሾቹ ወደ ሰማያዊ፣ ተለቅ ያሉት ወደ ቀይ ያደላሉ። ኳንተም ዶት ማለት ይሄ ቅንጣት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ለባዌንዲ፣ ለብሩስና ለየኪሞቭ የኬሚስትሪ ኖቤል ያሰጠው። ስንቴ ባየው አልጠግበውም።

ማታ አክስቴ ጋ ሄድኩ። ጡቷን ሲያክሟት የብብቷን ንፍፊቶች አብረው ስላወጡባት ግራ ክንዷ እስካሁን ያብጣል። አምባሯን ካወለቀች ቆየች። እ.ኤ.አ. በ2004 የተሠራውን ነገርኳት፦ አሳማ ላይ ኳንተም ዶት ወግተው፣ ካንሰር ቢኖር መጀመሪያ የሚደርስበትን ያንን አንድ ንፍፊት ከቆዳው ስር ሲያበራ በካሜራ እያዩ ለይተው አወጡት። ሌላውን ሳይነኩ።

«ታዲያ ለእኛ ለምን አይሆንም?» አለችኝ።

ካድሚየሙ ነዋ፣ መርዛማ ብረት ነው! የቅንጣቱን ላይ በዚንክ ሰልፋይድ ይለብጡታል፤ ልባሱ ከተበላ ግን ካድሚየሙ ይለቃል፣ የጉበት ሴል ይገድላል። በሽንት ይወጣል እንዳንል ደግሞ ቅንጣቱ ከነልባሱ ከ5.5 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) ማነስ አለበት። አብዛኛው ከዚያ ይበልጣል፤ ደም ውስጥ ሲገባ ፕሮቲን ይለጠፍበታል፣ ከዚያ የጉበትና የጣፊያ ሴሎች ይውጡትና እዚያው ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ፣ ኳንተም ዶት በተሰጣቸው ጦጣዎች ላይ የተሠራ ጥናት አለ፣ ደጋግሜ የማነበው። 90 ቀን ተከታትለዋቸው የደም ምርመራቸው ደህና ነበር። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ግን እኮ ከተሰጣቸው ካድሚየም አብዛኛው በ90ኛውም ቀን ጉበታቸው፣ ጣፊያቸውና ኩላሊታቸው ውስጥ ነበር! ካድሚየም በሰው ኩላሊት ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ የሚቆይ ነገር ነው፣ ታዲያ በሦስት ወር ደም ምርመራ ምን ብዬ ነው አክስቴን «አይዞሽ፣ ምንም አይልሽም» የምላት? አልላትም። አሁን ካድሚየም የሌለባቸው፣ ከኢንዲየም ፎስፋይድ የሚሠሩ አሉ፣ ተስፋዬ እነሱ ላይ ነው፤ እነሱም ቢሆኑ ግን አብርተው ሲጨርሱ የት እንደሚገቡ መታየት አለበት።

ይህን ሁሉ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ዘረጋችልኝ። ሐኪሞቹ እንዳሳዩን አድርጌ ከእጅ አንጓዋ ወደ ላይ፣ ቀስ እያልኩ አሸሁላት።