የረቡዕ ዳዊት

እናቴ በልጅነቷ የተማረችበት መዝሙረ ዳዊት ዛሬ በእኔ እጅ ነው። የማኅደሩ ማንገቻ ከተበጠሰ ብዙ ጊዜ ስለሆነው በሲባጎ ተቀጥሏል፤ የገጾቹ ጠርዝ ከጣት ብዛት ጠቁሯል፤ ቀይ ክር የገባበትን ቦታ ስገልጥ ደግሞ የጧፍ ሰም ተንጠባጥቦ የደረቀበት ገጽ ይወጣል። ገጹ የረቡዕ ነው። ዳዊት ለሳምንቱ ቀናት ተከፍሎ ስለሚደገም የሰኞው ከ1 እስከ 30፣ የማክሰኞው ከ31 እስከ 60፣ የረቡዑ ከ61 እስከ 80 እያለ ይሄድና ቅዳሜ 150ው ይፈጸማል። ሰሙ የፈሰሰው 70ኛው መዝሙር ላይ ሲሆን፣ «በእርጅናዬ ዘመን አትጣለኝ፥ ጉልበቴም ባለቀ ጊዜ አትተወኝ» የሚለው ቃል የሚገኘው እዚያ ነው።

ተወልጄ ያደግሁት ጎንደር ቢሆንም 14 ዓመት አዲስ አበባ በሒሳብ ሠራተኛነት ኖሬያለሁ። ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ የምሠራበት ድርጅት ሠራተኛ ሲቀንስ የእኔም ስም ከተቀናሾቹ ጋር ወጣ፤ በዚያው ሳምንት እናቴ ከአልጋ መውረድ እንዳቃታት ወንድሜ ደውሎ ነገረኝ። ሥራ ላይ ብሆን ኖሮ ፈቃድ ጠይቄ፣ ጥቂት ቀን ሰንብቼ፣ ሰው ቀጥሬላት እመለስ እንደ ነበር ዛሬ ሳስበው ያመኛል። በወቅቱ ግን ነገሩን በዚህ ዓይን አላየሁትም፤ ሻንጣዬን ይዤ ጎንደር ስገባ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ከእጄ የወጣ መስሎ ተሰምቶኝ ነበር።

ነሐሴ 1 ቀን ፍልሰታ ገባ። እናቴ የፍልሰታን ቅዳሴ አስታጉላ ስለማታውቅ፣ በዚያ ዓመት አልጋዋ ላይ ሆና እኔን ትልከኝ ጀመር። «ሂጂና ቁሚልኝ» ትለኛለች። ስመለስ ያመጣሁላትን ጸበል ጠጥታ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ የዕለቱ የውዳሴ ማርያም ትርጓሜ ምን እንደ ነበረ ትጠይቀኛለች። መጀመሪያ ሰሞን የምመልሰው እያጣሁ አፍር ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ የማሰላስለው የቤት ኪራዬንና የማመለክትበትን ሥራ ነበርና። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ለእርሷ የምነግራት እንዳላጣ ስል መምህሩን በጥሞና ማዳመጥ ያዝሁ። ያዳመጥሁት ለራሴ ብዬ እንዳልነበረ መደበቅ አልፈልግም። ለእናቴ እንድወስድ የተሰጠኝ ቃል መንገድ ላይ እኔንም መገበኝ።

ጥቅምት 9 ቀን ንጋት ላይ ዐረፈች። ፍታቱ ተደረገ፣ የዕድሩ ድንኳን ተተከለ፣ ለቀስተኛውም «እግዜር ያጥናሽ» እያለ መጥቶ ሄደ። ስለ ኀዘኑ ብዙ መጻፍ አልችልም፤ ስለ ቀኖቹ ግን እችላለሁ። ቤተ ክርስቲያናችን ከሠልስት ጀምራ ሰባትን፣ ዐሥራ ሁለትን፣ ሠላሳን፣ አርባን፣ ሰማንያን፣ መንፈቅንና ሙት ዓመትን ቆጥራ አስቀምጣለች። ይህ ሥርዓት ለሟች ነፍስ የሚደረግ ጸሎት መሆኑን እንጂ የቀረውንም ሰው እጁን ይዞ ከአንዱ ቀን ወደሚቀጥለው እንደሚያሻግር አላውቅም ነበር። እኔ የወደቅሁት በዐሥራ ሁለቱና በሠላሳው መካከል ነው። ጎረቤት ወደ ሥራው ተመልሷል፣ ወንድሜም ሄዷል፣ ቤቱም ጸጥ ብሏል። በእነዚያ ቀናት እግዚአብሔርን አኩርፌው ነበር፤ ሁለት እሑድ ተከታትሎ ቤተ ክርስቲያን አልሳምሁም።

በሁለተኛው እሑድ ከሰዓት በኋላ የንስሐ አባታችን በሩን አንኳኩተው ገቡ። ለምን እንደ ቀረሁ አልጠየቁኝም። ቡና አፍልቼ እስኪቀርብ ድረስ ስለ እናቴ ልጅነት አወጉኝ፤ በኋላ እኔው ራሴ «አባ፣ አዲስ አበባ ልመለስ ወይስ እዚሁ ልቅር? እባክዎ ጸልየው ይንገሩኝ» አልኋቸው። ስኒያቸውን አስቀምጠው ጥቂት ዝም አሉና «እሱን እኔ አላውቅልሽም፣ ልጄ። እስከ አርባዋ ድረስ ምንም አትወስኚ። የእናትሽን ዳዊት አውርጂና የዕለት የዕለቱን ድገሚ፤ ግዕዙ ቢከብድሽ በአማርኛው አንብቢው» ብለው በመስቀላቸው ባርከውኝ ሄዱ። እውነቱን ለመናገር ቅር አለኝ፤ እኔ የፈለግሁት ቁርጥ ያለ መልስ ነበር።

ሰኞ ጀመርሁ። 22ኛው መዝሙር ላይ ስደርስ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው፥ የሚያሳጣኝም የለም» የሚለውን ከአፌ ብቻ አነበብሁት፤ ልቤ አልተከተለኝም። ረቡዕ ግን ሰሙ ዘንድ ደረስሁ። ጠጋ ብዬ ሳየው በአንድ ቀን የፈሰሰ አልነበረም፤ አንዱ ጠብታ በሌላው ላይ ተደራርቦ ወፍሯል፤ እናቴ ረቡዕ በመጣ ቁጥር እዚህ ቃል ላይ ጧፏን ይዛ ትቆይ እንደ ነበር ይናገራል። ጉልበቷ ሲያልቅ አምላኳ እንዳይተዋት በምትለምንበት ዘመን እኔ አዲስ አበባ ሆኜ በስልክ «ደህና ነኝ፣ አታስቢ» የምትለኝን አምኜ እዘጋ ነበር። ያን ቀን መጽሐፉን ደረቴ ላይ አድርጌ አለቀስሁ። ካለቀስሁ በኋላ ግን ልመናዋ እንደ ተሰማ ገባኝ። ሥራዬን እግዚአብሔር ነጠቀኝ አልልም፤ ቅነሳውን የወሰኑት ሰዎች ናቸው። ሆኖም ጉልበቷ ባለቀ ጊዜ አልጋዋ አጠገብ የተገኘሁት እኔ ነበርሁ።

«ነገ ለራሱ ይጨነቃልና ለነገ አትጨነቁ፤ ለቀኑ ክፋቱ ይበቃዋል» የሚለውን የጌታን ቃል ለብዙ ዘመን እንደ ተግሣጽ ስሰማው ኖሬያለሁ፤ መጨነቄ ኃጢአት ሆኖብኝ ሌላ ጭንቀት ይጨምርብኝ ነበር። በየቀኑ የዕለቱን ዳዊት ስደግም ቃሉ ሌላ መልክ ያዘልኝ። 150ውን በአንድ ቀን የሚፈጽሙ አባቶች አሉ፤ እንደ እኔ ላለ ደካማ ግን የቀኑ ድርሻ ተለክቶ ቀርቧል፣ የማክሰኞው ኀዘን የማክሰኞውን መዝሙር ይዞ ይመጣል፣ የሐሙሱን ገጽ ረቡዕ ላይ እንድገልጥ የሚጠይቀኝም የለም። እስከ አርባዋ ድረስ የኖርሁት በዚህ ነው።

በዚያው ሰሞን ጠዋት ጠዋት ለኪዳን ጸሎት ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ መሄድ ጀመርሁ። ጣሪያው ላይ በረድፍ የተሳሉት ክንፋም የመላእክት ፊቶች በማለዳው ደብዛዛ ብርሃን ዓይናቸው ብቻ ጎልቶ ይታያል፤ እናቴ «የትም ብትቆሚ ያዩሻል» ትለኝ ነበር። አድያም ሰገድ ኢያሱ ያሠሩት ይህ ደብር፣ ድርቡሾች በ1880 ጎንደርን ባቃጠሉ ጊዜ ከእሳት የተረፈው የንብ መንጋ ወጥቶ ስለ መከተላቸው እንደሆነ ሲነገር ኖሯል። ትንሽ ልጅ ሳለሁ ታሪኩን ስትነግረኝ «የተቃጠለባቸውስ?» ብዬ ጠየቅኋት። «እነሱም ሠርተው ቀደሱ» አለችኝ። በልጅነቴ ንቦቹን ነበር የምወደው። አሁን ግን ግድግዳው ላይ ከላይ ሥላሴን፣ ከታች ስቅለቱን እያየሁ ኪዳኑ እስኪደርስ ስቆም፣ አመድ ጠርገው እንደገና የቀደሱት ካህናት ናቸው የሚታወሱኝ።

አርባዋ ኅዳር 18 ቀን ወጣ፤ በሦስተኛው ቀን ኅዳር ጽዮን ነበረ። እናቴ በየወሩ በ21 የማርያምን ጽዋ የምትጠጣበት ማኅበር ስለ ነበራት የማኅበርተኞቹ መልእክት ደረሰኝና ሄድሁ። ጸሎቱ ከተደረገና ዳቦው ከተቆረሰ በኋላ፣ የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪ፣ የሆኑት አዛውንት ከግድግዳው ጥግ ወዳለው ባዶ መቀመጫ እያመለከቱ «ያ የእናትሽ ቦታ ነው፤ በእርሷ ትተኪያለሽ ወይስ ለሌላ እንስጠው?» አሉኝ። ስለ ቤቱም ሆነ ስለ ሥራው ገና ከራሴ ጋር አልጨረስሁም ነበር። ይሁን እንጂ «እተካለሁ» አልሁ፤ ድምፄም አልተንቀጠቀጠም። ሄጄ ተቀመጥሁ፤ ጽዋውም በተራው እጄ ገባ።

ሌላው ነገር ከዚያ በኋላ የተከተለ ነው። ቤቱ ይሸጥ የሚለውን ሐሳብ ከወንድሜ ጋር ተነጋግረን ተውነው፤ እኔም እዚሁ ጎንደር ከቀድሞው ባነሰ ደመወዝ በሙያዬ ተቀጥሬያለሁ። የእናቴ ድምፅ የሚናፍቀኝ ቀን አሁንም ብዙ ነው፤ በተለይ ከኪዳን ስመለስ የሚጠይቀኝ ሰው ባለመኖሩ ሆዴ ይባባል።

ግንቦት 21 ማኅበሩን የማወጣው እኔ ነኝ። ብቅሉ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል፣ ጌሾውም ተገዝቷል። ጠላ ጠምቄ ስለማላውቅ ከእናቴ ጋር አብረው ጽዋ ሲጠጡ የኖሩት ጎረቤታችን ረቡዕ ጠዋት መጥተው ሊያሳዩኝ ቃል ገብተውልኛል፤ ዳዊቴን አስቀድሜ ደግሜ እንድጠብቃቸው ነግረውኛል።