እስከ ገና የቆየው አፕል

ጥቅምት መጨረሻ ላይ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ካለችው አሌክሳንድሪያ ተነስተን በ29 ቁጥር መንገድ ወደ ሻርለትስቪል ወረድን። ባለቤቴ የወጣችው የብሉ ሪጅ ተራሮችን ቅጠል ለማየት ነው። እኔን የወሰደኝ አንድ የአፕል ዓይነት ነው፤ አልበማርል ፒፒን።

የመጣው ከኒውዮርክ፣ ዛሬ ኩዊንስ ከሚባለው ሰፈር ነው። እዚያ ኒውታውን ፒፒን ይሉታል። ቨርጂኒያ ሲገባ ግን የአልበማርል አውራጃን ስም ያዘ። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበረው ቶማስ ጀፈርሰን ሞንቲቼሎ በተባለው ኮረብታ ላይ ባለ እርሻው አስተክሎታል። የደከሙበት በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ናቸው፤ ኮረብታውን ስወጣ ይህን እያሰብኩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1785 ጀፈርሰን ከፈረንሳይ ሲጽፍ፣ እዚህ ከእኛ ፒፒን ጋር የሚወዳደር አፕል የለም ብሏል።

አፕል ከፍሬው ቢዘራ እናቱን አይመስልም። ስለዚህ ቅርንጫፍ እየተቆረጠ በሌላ ግንድ ላይ ይጣበቃል። የበላሁት አፕል ያው የጥንቱ ዛፍ ነው ማለት ይቻላል። ይህ በጣም ይገርመኛል።

ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ እርሻ ከረጢት ሙሉ ገዛን። መልኩ አይስብም። አረንጓዴ፣ ጠፍጠፍ ያለ፣ ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ነው። ጭራው ዙሪያ ዝገት የመሰለ ቡናማ ነገር አለው። ሻጯ አሮጊት በቢላ ቆርጠው አቀመሱን። ድንጋይ ነው! ጥርሴ ጠረሰ፣ አፌም ደረቀ። ፊቴን አይተው፣ አሁን አይበላም፣ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡትና ገና ላይ ሞክሩት አሉን። ድሮ ፍሪጅ ሳይኖር ሰዎች ምድር ቤት አስቀምጠው እስከ ጸደይ ይበሉት ነበር። በበርሜል ተጭኖ እንግሊዝ የደረሰውም ስለማይበላሽ ነው።

ምክራቸውን ሰማን። ከፍሪጁ ታችኛው መሳቢያ ከተትነው።

በእኛ ገና፣ ዶሮው ከተበላ በኋላ፣ አንዱን አወጣሁ። ልጣጩ ቢጫ ሆኗል። ገና ሳልቆርጠው ሽታው ጠረጴዛውን ሞላው። ውስጡ ክሬም መስሏል፣ አሁንም ቀጭ ይላል። መጀመሪያ ሎሚ ሎሚ ይላል፣ ቀጥሎ ማር ይመጣል፣ መጨረሻ ላይ የጽድ ሽታ የመሰለ ነገር አፍ ውስጥ ይቀራል። ተቀምጦ ሳለ ስታርቹ ወደ ስኳር ተለውጧል፣ ኮምጣጣነቱም በርዷል። ልጣጩ ወፍራም ነው፤ ይህ አንዱ ጉድለቱ ነው። ሃኒክሪስፕ ከሚባለው የሱፐርማርኬት አፕል ጋር ጎን ለጎን ቀመስኩት። ሃኒክሪስፑ ጣፋጭ ውሃ ሆነብኝ።

አፕል ብርድ ይወዳል፤ ጨንቻ ደጋ ላይ የያዘውም ለዚህ ነው። አገር ቤት ስሄድ የጨንቻውንም ሁለት ወር አስቀምጬ ልቀምሰው አስቤያለሁ።

ከረጢቱ ውስጥ ሦስት ቀርተውናል። ባለቤቴ ለጥምቀት ብላ ከኋላ ደብቃቸዋለች።