ታብሌቱ ተገዛ፤ ከዚያስ?

ሰሞኑን የቴክኖሎጂ ድጋፍ ጥሪ ወጣ እያሉ ፕሮፖዛላቸውን እንድመለከትላቸው የሚልኩልኝ የጎጃም ማኅበራት በዝተዋል። በጣም ደስ ይለኛል። ግን በጀቱን ስከፍተው ሁልጊዜ ያው ነው፦ ታብሌት፣ ላፕቶፕ፣ ፕሪንተር፣ ዌብሳይት። አለቀ። ማን ነው የሚያሠራው? ሲበላሽስ? ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ወርሃዊ ክፍያውን ማን ይችላል? አንድም መስመር የለም።

ለጋሽ ዕቃ መግዛት አይከብደውም። ዕቃ ይቆጠራል፣ ስቲከር ይለጠፍበታል፣ ፎቶ ይነሳል። ጭቅጭቁ ያለው የባለሙያ ደሞዝ፣ ሥልጠናና ጥገና ላይ ነው። ስለዚህ ብዙዎቻችን እዚያ ጋ ቶሎ እጅ እንሰጣለን።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ እናቶችና ሕፃናት ላይ የሚሠራ አንድ ማኅበር አውቃለሁ። ታብሌቶቹ ስቲከራቸው ሳይላጥ ሳጥን ውስጥ ተደርድረዋል። የአንዱ ባትሪ አብጦ ስክሪኑን ገፍቶ አንስቶታል። ደህናዎቹም አይከፈቱም፤ አካውንቱ የተከፈተው ከሥራ በለቀቀው ልጅ የግል ኢሜይል ነው። ልጁ ምንም አላጠፋም፤ ኮንትራቱ አለቀ፣ ሌላ ሥራ አገኘ፣ ሄደ። እሱን የሚተካ ሰው በጀቱ ውስጥ አልነበረማ! ሠራተኞቹ አሁን እናቶችን የሚመዘግቡት በደብተር ነው። ይሄ ያበሳጨኛል።

ደሞዝና ጥገናውን ለምን በጀት አትይዙለትም ስል «አስተዳደራዊ ወጪ ይበዛብናል» የሚል መልስ እሰማለሁ። ሕጉን አንብቡት። በ2011 የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 አስተዳደራዊ ወጪን ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳያልፍ ይገድባል፤ ግን አስተዳደራዊ የሚለው ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር ያልተያያዘውን ነው። መረጃ የምትሰበስበው ባለሙያ ደሞዝ፣ የመስክ ሥልጠናው፣ የታብሌቱ ጥገና ፕሮጀክቱ ራሱ ነው። የትኛው ወጪ የትኛውን ሥራ እንደሚያሠራ በጀቱ ማብራሪያ ላይ ቁጭ አድርጋችሁ ጻፉት።

ዶላሩንም አትርሱ። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሬ ሥርዓቱ ሲለወጥ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በዶላር የሚከፈል ሶፍትዌር በብር በጀት የያዘ ሰው ምን እንደገጠመው መገመት አያቅትም። እንዲህ ያለ ክፍያ ካለባችሁ በዶላር ያዙት፤ ካልሆነም ከመጀመሪያው የሚከፈልበትን አትምረጡ።

ደግሞ እኛ ጋ ኔትዎርክ አለ ብሎ ሲስተም መሥራት አይቻልም። ከ2015 ክረምት ጀምሮ አማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ አይተናል። እንደ ኮቦ ቱልቦክስ ያለ የመረጃ መሰብሰቢያ ሶፍትዌር መረጃውን ስልኩ ላይ ይዞ ቆይቶ መስመር ሲገኝ ይልካል፤ ለበጎ አድራጎት ድርጅት ደግሞ በነፃ የሚሰጥ አገልግሎት አለው። ከቢቸና ወይ ከሞጣ ገጠር መረጃ የምታመጡ ከሆነ ፕሮፖዛሉ ላይ «ያለ ኢንተርኔት ይሠራል» የሚለው መጻፍ አለበት፤ አዲስ አበባ ወይ አውሮፓ ሆኖ የሚገመግመው ሰው ይህን ችግር ላያውቀው ይችላል።

የመጨረሻው የአካውንቱ ጉዳይ ነው። አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ ጥበቃን ሕግ አድርጎታል፤ የእናቶች የጤና መረጃ ደግሞ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ ከሚሹት ነው። አካውንቱ በድርጅቱ ኢሜይል ይከፈት፣ የይለፍ ቃሉን ቢያንስ ሁለት ሰው ይወቀው፣ ለጋሹ ሲወጣ መረጃው እናንተ ጋ እንደሚቀር ውሉ ላይ ይጻፍ። ይህንን ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፤ ከፈረማችሁ በኋላ የሚሰማችሁ የለም።