ነገሩ ከሰሉ ጋ ነበር

አካባቢዬንና አየሩን መበከሌን ልቀንስ ብዬ ስነሳ፣ መጀመሪያ የተጣላሁት ከፌስታል ጋር ነው። ገበያ ስወጣ ዘንቢል ይዤ እሄዳለሁ። ባለሱቁ "ምነው፣ አያትሽን መሰልሽ" እያለ ይስቅብኛል። ሁለት ወር ሙሉ በዘንቢሌ ስኮራ፣ ለካ በረንዳዬ ላይ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ከሰል ተጎልቷል።

ዓይኔን የገለጠልኝ የላንጋኖ ጉዞ ነው። ከሞጆ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ከሰል የሞሉ ማዳበሪያዎች ተደርድረዋል። ከኋላቸው የግራር ጉቶ ይታያል። እኛም ቆመን ተከራክረን ሁለት ገዛን፤ ከአዲስ አበባው ይረክሳላ! አራተኛ ፎቅ ድረስ ሳስወጣው ነው ያ ጉቶ ትዝ ያለኝ።

ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ። እንጨቱ በባህላዊው መንገድ አፈር ለብሶ ሲከስል፣ ለአንድ ኪሎ ከሰል ከአምስት ኪሎ በላይ እንጨት ይሄዳል። ብዙው ጭስ ሆኖ እዚያው ይቀራል። የተረፈው ደግሞ እኔ ቤት ይነዳል። መብራታችን ግን ከሞላ ጎደል ከውሃ ነው የሚመጣው፣ ጥቂቱ ከነፋስ። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቼ መብራት ቆጥቡ ሲባሉ፣ እኔ ከሰሉን ትቼ ወደ መብራት መዞር ነበረብኝ።

በአንድ ቀን ልተው አልኩ። ሞኝነቴ! የቀረችውን ከሰልም ማንደጃውንም ለግቢያችን ጥበቃ ሰጠሁ። የፋሲካ ዋዜማ፣ ሽንኩርቱ በስሎ በርበሬው ሊገባ ሲል መብራት ድርግም አለ። ዶሮዋ ታጥባ፣ ብልቷ ወጥቶ ትጠብቃለች። አንድ ሰዓት ጠበቅሁ፣ የለም። ድስቱን ታቅፌ በጨለማ አራት ፎቅ ወረድኩ። የዚያን ዓመት ዶሮ ወጥ ጥበቃው ቤት በር ላይ፣ በገዛ ማንደጃዬ ተሠራ። "ጋሼ፣ ትንሽ ከሰል ይጨምሩልኝ" እያልኩ።

በዓሉ ካለፈ በኋላ ላቀች ገዛሁ። ውስጧ ሸክላ የሆነችው ማንደጃ ማለቴ ነው። ከተራው የቆርቆሮ ማንደጃ ሩብ ያህል ከሰል ትቆጥባለች። መብራት ለጠፋ ቀን ብቻ ናት።

ብዙ የተማርኩት ግን ከምጣዱ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ መብራት ይበላል። ቆጣሪያችን በካርድ ስለሆነ ሲቀንስ ቆሜ አየዋለሁ። አንድ ቀን ከመጋገሬ በፊትና በኋላ ቁጥሩን ጻፍኩት። ለሃያ እንጀራ አራት ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ሄደ። ከዚያ ላይ ትልቅ ድርሻ የወሰደው የመጀመሪያው እንጀራ እንኳ ሳይጋገር፣ ምጣዱ እስኪግል ነው። ይህን ለጎረቤቴ ነገርኳት። አሁን አንድ ሳምንት እኔ ቤት፣ አንድ ሳምንት እሷ ቤት እንጋግራለን። እኔ ስጨርስ ምጣዱ ሳይጠፋ እሷ ሊጧን ይዛ ከች ትላለች። ማሰሻው እንኳ አይቀየርም። መጨረሻ ላይ ሁለት እንጀራ የሚሆን ሊጥ ሲቀር ማብሪያውን አጠፋለሁ፤ በተረፈው ግለት ይበስላሉ። የልጆቹን እንጎቻም ያው ግለት ይጋግራታል፣ ትንሽ ነጣ ብትልም።

መኪናዋን የተውኩት ቀስ በቀስ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲነድ 2.3 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ማለትም ሙቀት አፍኖ ምድርን የሚያሞቀው ጋዝ፣ ይወጣል። ሊትሩ ራሱ ኪሎ ሳይሞላ! (አየሩ ውስጥ ካለው ኦክስጅን ጋር ስለሚዋሃድ ነው።) ከአያት ስታዲየም ድረስ በኤሌክትሪክ የሚሄደው ባቡር አለልኝ፤ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ነበረ፣ እኔ ነኝ ያልተሳፈርኩት። መኪናዋ አሁን ለቅዳሜ ገበያና ለለቅሶ ብቻ ትወጣለች።

ሥጋ ላይ ብዙም አልለፋሁም። ረቡዕና ዓርብ፣ ሁዳዴ፣ ፍልሰታ፤ ጾሙ ሥራውን ሠርቶልኛል። የቀየርኩት የፍስክ ቀን ሁሉ ልኳንዳ ቤት መሮጡን ነው። ከብት ሲያመሰኳ የሚያወጣው ሚቴን የተባለ ጋዝ ሙቀት በማፈን ካርቦን ዳይኦክሳይድን በብዙ እጥፍ ያስከነዳል።

የተረታሁበት ቦታ የለም እንዳልል፣ እማዬ አለች። ቡና በኤሌክትሪክ ስቶቭ ሳፈላ ባየች ቀን "ይሄ ቡና ነው እንዴ? ዕጣኑንስ ምን ላይ ልታጨሺው ነው?" አለችኝ። ጀበናዬም ከእሷ ጋር አበረ፤ ቂጡ ክብ ስለሆነ ስቶቩ ላይ አይቀመጥልኝም። በሬን ዘግቼ ከሰል ማያያዝ ለጤናም አደጋ እንደሆነ ነገርኳት። "እሱማ መስኮቱን ክፈቺው" አለች።

ተደራደርን። በአዘቦት ቀን ቂጡ ጠፍጣፋ በሆነች ጀበና በስቶቭ፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በላቀች፣ በረንዳ ላይ። ከላንጋኖ መንገድ ያመጣኋቸው ሁለት ማዳበሪያዎች በሦስት ወር አልቀው ነበር። በመስከረም የገዛሁት አንዱ አሁን፣ ሚያዝያ ላይ፣ ገና ግማሹ አለ።