ዴንቨር ላይ ውሃ በ100 አይፈላም

የምሠራው ዴንቨር፣ ኮሎራዶ ውስጥ ነው። የቤት ቢራ መጥመቂያ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ነው፤ ብቅል፣ ሆፕስ፣ እርሾ፣ ድስት፣ ጠርሙስ ሁሉም አለ። በዚህ አካባቢ ሰዉ ቤቱ መጥመቅ ይወዳል። የአሜሪካ የቤት ጠማቂዎች ማኅበርም በ1978 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው እዚሁ አጠገባችን ቦልደር ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ለጀማሪዎች ትምህርት አለን። ከተዘጋጀ የብቅል ሽሮፕ ወጥተው ከራሱ ከብቅሉ መጥመቅ ለሚፈልጉ ነው። ለዚህ ዋናው ዕቃ መዘፍዘፊያው ነው፤ የተከካው ብቅል በሙቅ ውሃ ተነክሮ የሚቆይበት ዕቃ ማለት ነው። የፋብሪካው ውድ ስለሆነ እኛ እዚያው ሠርተን እናሳያለን። ግንባታ ቦታ ላይ የመጠጥ ውሃ የሚቀመጥበትን ክብ ኩለር ታውቁታላችሁ? ባለ 38 ሊትሩን እንወስዳለን። የፕላስቲክ ሩቢኔቱ ይወልቅና በቦታው የማይዝግ ብረት ቫልቭ ይገባል፤ ከውስጥም ከውጭም በጎማ ቀለበት ይታሸጋል። ማጣሪያው የሚገኘው ከእጅ መታጠቢያ ሥር ከሚገጠመው ፍሌክሲብል (በሽቦ የተሸፈነ ተጣጣፊ ቱቦ) ነው። የውስጡ ጎማ ተመዝዞ ይጣላል፤ የሽቦ ሽሩባው ብቻ ይቀራል። አንዱ ጫፉ ይታጠፍና ይዘጋል፣ ሌላው ከቫልቩ ጋር በፋሸታ ይታሰራል። በቃ። ጭማቂው ያልፋል፣ ገለባው ይቀራል።

አንዳንዱ በሽቦው ፈንታ የተበሳሳ የፕላስቲክ ቧንቧ ይገጥማል። ይችላል፤ ግን ተራው ነጭ ፒቪሲ ከ60 ዲግሪ በላይ ለሆነ ውሃ አልተሠራም። ሲፒቪሲ የሚባለው ነው እስከ 93 የሚችለው። ሱቅ ውስጥ ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚደረደሩ ጽሑፉን ማንበብ ነው።

አሁን ወደ ገጠመኙ። (እዚህ የሚለካው በፋራናይት ነው፤ እኔ ወደ ሴልሺየስ ቀይሬዋለሁ።)

የዚያን ቅዳሜ ዕቃ ያሰናዳው አዲሱ ባልደረባችን ነበር። ከሂውስተን የመጣ፣ ብዙ የጠመቀ፣ ጥንቁቅ ልጅ ነው። ቴርሞሜትር ሳይፈትሽ አይጠቀምም። ዋዜማውን ውሃ አፍልቶ እንደ ሰዓት ጠቋሚ ያለውን ቴርሞሜትር ነከረበት። 95 አለው። ተዛብቷል ብሎ ከጀርባው ያለውን ብሎን አዙሮ 100 ላይ አመጣው። ሂውስተን ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ አትልም፤ እዚያ ቢሆን ትክክል ነበር።

ጠዋት ኩለሩን በሙቅ ውሃ አሞቅነው። 5 ኪሎ የተከካ ብቅል አዘጋጀን። 15 ሊትር ውሃ ቴርሞሜትሩ 74 እስኪል አሞቅን፣ ገለበጥን፣ እንዳይጓጉል እያማሰልን ብቅሉን ጨመርን። ድፍድፉ ሲለካ 67 አለ። ልክ የፈለግነው። ክዳኑን ገጥመን ለአንድ ሰዓት ተውነው።

ከተማሪዎቹ መካከል አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር መጥተው ነበር። «ልጄ፣ ለጠላ ይሄን ሁሉ ስንለካ መች ታየን?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ጠላ ውስጥ የብቅሉ ኢንዛይም ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጠው ቀስ ብሎ፣ በቀናት ነው፤ እርሾውም ጎን ለጎን ይሠራል። ቢራ ላይ ግን ያን ሁሉ በአንድ ሰዓት ነው የምንጠብቀው። ከ70 በላይ ሲያልፍ አንዱ ኢንዛይም ቶሎ ይሞታል፤ በጣም ከወረደ ደግሞ ስታርቹ በደንብ ሳይሟሟ ሥራው ይጓተታል። የምንጫወትባት ቦታ ጠባብ ናት።

ሰዓቱ ሲሞላ ነጭ ሳህን ላይ ጥቂት ጭማቂ ጠብ አድርገን አዮዲን ጨመርን። ስታርቹ አልቆ ከሆነ አዮዲኑ መልኩን አይለውጥም። ጠቆረ። ገለባ ገብቶበት ይሆናል ብዬ ንጹሕ ጭማቂ ወስጄ ደገምኩት፤ ገለባ ካለ ሁልጊዜ ይጠቁራልና። አሁንም ጥቁር።

ማናጀራችን አከካኩ ሻካራ ሆኖ ነው አለ። ሌላው ብቅሉ ቆይቷል አለ። እኔ ብቅሉን ራሴ ነበር የከካሁት፤ ከረጢቱም የተከፈተው ያን ሳምንት ነው። ዕቃውን ያሰናዳውን አዲሱን ባልደረባችንን ጠየቅኩት።

«ቴርሞሜትሩን በምን ፈተሽከው?»

«በፈላ ውሃ።»

«ስንት አለህ?»

«95። አስተካከልኩት እኮ።»

እኔ ያደግኩት አዲስ አበባ ነው፤ ባቄላ ቶሎ የማይበስልበት፣ ውሃ 92 አካባቢ የሚፈላበት ከተማ። ዴንቨርም 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃው 95 ገደማ ላይ ይፈላል። ቴርሞሜትሩ ምንም አልሆነም ነበር። ብርጭቆ ሙሉ የተፈጨ በረዶ አመጣሁ፣ ትንሽ ውሃ ጨመርኩበት፣ ነከርኩት። ዜሮ ማለት ሲገባው 5 ላይ ቆመ።

እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ነገሩ ሁሉ እርስ በርሱ መግጠሙ ነው። ውሃውን 74 ያለን ያው ቴርሞሜትር ነው፤ ድፍድፉንም 67 ያለን እሱው ነው። እውነቱ 69 እና 62 ነበር። በአንድ መለኪያ ሁለቱንም ከለካህ ስህተቱ ራሱን ይሸፍናል። አዮዲኑ ባይኖር ኖሮ ሁላችንም ረክተን ጭማቂውን ወደ ድስት እንቀዳው ነበር።

መፍትሔው ከባድ አልነበረም። ኩለሩ ውስጥ ቦታ ስለነበር የፈላ ውሃ ጨመርን። ሒሳቡ 3 ሊትር ገደማ መጣ፤ በ100 ሳይሆን በ95 ማስላት እንዳለብን ልጁ ራሱ ነው ያስታወሰን። ከዚያ የሆነውን ሁሉ ለተማሪዎቹ ሳይሸሽግ አስረዳ። በጣም አከበርኩት። እንደገና ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። አዮዲኑ መልኩን ሳይለውጥ ቀረ።

ቢራው ሲደርስ ከወትሮው ቀጠንና ደረቅ አለ። በዝቅተኛው ሙቀት ብዙ የሠራው፣ እርሾ የሚበላውን ስኳር የሚያወጣው ኢንዛይም ስለሆነ ነው። የወደዱት ነበሩ፤ ለእኔ ግን ውፍረት ጎደለው።

ከዚያ ወዲህ ሱቃችን ውስጥ ቴርሞሜትር የሚፈተሸው መጀመሪያ በበረዶ ነው። በረዶ ከፍታ አያውቅም፤ ዴንቨርም ሂውስተንም ዜሮ ነው። የፈላ ውሃ ሁለተኛ ማረጋገጫ ነው፣ ያውም የቦታው ከፍታ ታውቆ። ከላይ ከሌድቪል የሚመጡ ደንበኞች አሉን፤ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፣ ውሃቸው 90 አካባቢ ይፈላል። እነሱ በ100 ቢያስተካክሉ ስህተቱ የኛን እጥፍ ይሆናል።

ቤታችሁ ስትፈትሹ ብርጭቆውን በተፈጨ በረዶ ሙሉትና ክፍተቱን ብቻ ውሃ ሙሉት። አማስሉት። የዘንጉ ጫፍ ቢያንስ 5 ሳንቲሜትር ይስመጥ፤ ሙቀቱን የሚለካው ክፍል ያለው እዚያ ነው። የብርጭቆውን ግድግዳም ታቹንም አያስነኩት። ጠቋሚው እስኪረጋ ጠብቁና ከዚያ ብሎኑን ንኩ።