ደንገል በጠጠር ላይ

ባሕር ዳር፣ ሚያዝያ

ዛሬ እሑድ ጠዋት በሲባጎ ያሰርሁትን ነጭ ሳህን ወደ ኩሬው ስሰድደው እስከ ታች ድረስ ታየኝ። በየካቲት መጀመሪያ ያው ሳህን ገና አንድ ስንዝር ሳይወርድ አረንጓዴው ውኃ ይውጠው ነበር፤ ዛሬ ግን 70 ሳንቲ ሜትር ወርዶ ወለሉ ላይ ሲያርፍ በጠርዙ የዞረችው ሰማያዊ መስመር እንኳ ተለየችኝ። አንዲት ቀረሶ ዓሣ መጥታ ጠርዙን በአፏ ነካ አድርጋ ተመለሰች። ውኃውን ያጠራልኝ በጠጠር ላይ የተከልሁት ደንገል ነው፤ ይህን ቀን ሳልጽፈው እንዲያልፍ አልፈለግሁም።

ኩሬውን ከሁለት ዓመት በፊት በጓሮዬ ስቆፍር፣ ጂኦሜምብሬን የሚባለውን ውኃ የማያሳልፍ ወፍራም ፕላስቲክ አልብሼ ውኃ ከሞላሁት ሌላው በራሱ ጊዜ የሚስተካከል መስሎኝ ነበር። ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ወርዱ 3 ሜትር ሲሆን ከ8,000 ሊትር በላይ ይይዛል። ሃያ የቀረሶ ጫጩቶች ጨምሬ በኑግ ፋጉሎ መቀለብ እንደ ጀመርሁ ውኃው በወሩ የጎመን ቅቅል መሰለ። ስፖንጅ የተጠቀጠቀበት ሳጥን ሠርቼ ውኃውን በፓምፕ ባሳልፍበትም በየሦስት ቀኑ እየተደፈነ እጄን ከማሰልቸት በቀር የፈየደው ነገር አልነበረም። ከዚያ በኋላ የነበረኝ አማራጭ ግማሹን ውኃ በየሳምንቱ ደፍቶ መተካት ነበር፤ ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን ማድረግ ሕሊናን ይከብዳል።

ስሕተቴ የት እንደ ነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው። እኔ የማሳድደው በዓይን የሚታየውን እድፍ ነበር፤ ዓሣን የሚጎዳው ግን የማይታየው ነው። ዓሣው በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያወጣል፤ ሳይበላ የቀረው ፋጉሎም ሲበሰብስ ይጨምርበታል። በድንጋይና በሥር ላይ የሚሰፍሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥለው ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬቱን የሚበላ ሥር ያለው ተክል ከሌለ ደግሞ ውኃውን የሚያረነጉደው አልጌ ይበላዋል። ስለዚህ ያስፈለገኝ ለእነዚያ ባክቴሪያዎች ብዙ ማረፊያ፣ ለናይትሬቱም ከአልጌው የሚቀድም ተሻሚ ነበር። ጠጠር የመጀመሪያውን ይሰጣል፤ ደንገል ሁለተኛውን። ልጅ ሆነን በጣና ዳር ደንገሉ ውስጥ ስንገባ፣ ከውጭ ደፍርሶ የሚመጣው ውኃ በሥሮቹ መካከል ጠልሎ እናገኘው ነበር፤ እንዴት እንደሚጠልል ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

በጥር መጨረሻ በኩሬው ራስጌ በሁለት ረድፍ ብሎኬት 2 ሜትር ከ40 ርዝመትና 1 ሜትር ወርድ ያለው፣ ጠጠሩንና ደንገሉን የሚይዝ መደብ ገነባሁ። ይህ ስፋት የኩሬው ገጽ አንድ አምስተኛ ይሆናል፤ ከአንድ አሥረኛ ካነሰ ዓሣ ለበዛበት ኩሬ አይበቃም። ውስጡን በተረፈው ጂኦሜምብሬን አለበስሁት፤ በኩሬው በኩልም የግንቡን አፍ ዝቅ አድርጌ ውኃው ተመልሶ የሚፈስስበትን ከንፈር ሠራሁለት። ወለሉ ላይ ባለ 2 ኢንች የፒቪሲ ቱቦ በሁለት መስመር ዘርግቼ በየ5 ሳንቲ ሜትሩ በብረት መጋዝ እስከ ሲሶው ድረስ ሰነጠቅሁት። ፓምፑ በሰዓት 4,000 ሊትር ያህል ወደዚህ ቱቦ ስለሚገፋ የኩሬው ውኃ በሙሉ በሁለት ሰዓት ገደማ አንድ ጊዜ ይዞራል። ውኃው ከላይ እንዲፈስስ ሳይሆን ከታች ተነሥቶ በጠጠሩ መካከል በዝግታ ወደ ላይ እንዲወጣ ማድረጉ የሥራው ሁሉ ቁልፍ ነው፤ ከላይ ቢፈስስ እድፉ ገጹ ላይ ተጋግሮ ይደፍነው ነበር። የቱቦውን ጫፍ ደግሞ ከጠጠሩ በላይ ብቅ አድርጌ በታፖ ዘጋሁት፤ ጭቃ ሲጠራቀም ታፖውን ፈትቼ ፓምፑ ራሱ ገፍቶ እንዲያወጣው ነው።

ስለ ጠጠሩ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ከሁሉ ይበልጥ የደከምሁት በእርሱ ነውና። የሚፈለገው ከሽምብራ እስከ ባቄላ ፍሬ የሚያህለው ነው። ከዚያ ከገዘፈ እድፉ በክፍተቱ ሾልኮ ታች ይከማቻል፤ አሸዋ ከሆነ ደግሞ በጥቂት ወራት ይደፈናል። የኖራ ድንጋይ እየሟሟ ውኃውን ኖራማ ስለሚያደርገው፣ ከመግዛቴ በፊት ጥቂት ፍሬዎች ወስጄ ሎሚ ጨመቅሁባቸው፤ ጥቁር ድንጋይ ነበርና አረፋ አላወጡም። 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ለመሙላት 11 ኩንታል ገደማ ጠጠር ፈጀ። ሁሉንም በባሬላ አጓጉዘን፣ በተበሳ በርሜል ውስጥ እያገላበጥን፣ የሚወጣው ውኃ እስኪጠራ ድረስ አጠብነው፤ የታጠበበትም ውኃ ለማንጎውና ለጌሾው ሄደ።

ይህን ሁሉ ከደከምሁ በኋላ ነው ትልቁን ጥፋት ያጠፋሁት። ተክል በባዶ ድንጋይ ላይ ይኖራል ብሎ ልቤ ስላላመነ፣ የደንገሉን ሥሮች በጥቁር አፈር ጠቅልዬ ተከልኋቸው። ፓምፑ ሥራ በጀመረ በሰዓታት ውስጥ ኩሬው የመረሬ ማሳ መሰለ፤ አፈሩም ጠጠሩ ውስጥ ሰርጎ ገባ። ሁለት ቀን ሙሉ ጠጠሩን አውጥተን እንደገና አጠብነው። በማግሥቱ ደንገሉን ያመጡልኝ፣ ዕድሜያቸውን ታንኳ በመሥራት ያሳለፉት አዛውንት ሊጠይቁኝ መጥተው ነገሩን ስነግራቸው፣ «ልጄ፣ ደንገል እኮ ሐይቁ ላይ ተንሳፍፎም ይበቅላል፤ እዚያ ማን አፈር ያለብሰዋል?» አሉኝ። «አባባ፣ ታዲያ ምን ይበላል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «የሚመጣለትን ውኃ ነዋ» አሉ። ከዚያም ጎንበስ ብለው ሥር የያዘውን ጉማጅ አንሥተው እጥፋቱ ውስጥ የቀረውን አፈር በአውራ ጣታቸው ፈልቅቀው አወጡት፤ ግንዱን ከስንዝር በላይ ቆረጡና ጠጠሩ ውስጥ አጋድመው አስተኙት። ቀጥ አድርጎ ከመትከል አጋድሞ ማስተኛት እንደሚሻል ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። የቀሩትን አብረን ተከልናቸው፤ በዳር በዳሩም ቄጠማ ጨመርንበት።

ጎረቤቴ በቅን ልቦና እምቦጭ እንድጨምር መክሮኝ ነበር። በርግጥ እምቦጭ ናይትሬትና ፎስፈረስ በመምጠጥ የሚደርስበት ጥቂት ነው። ነገር ግን ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ጣናን ሲያለብሰው ያየ ሰው አንዲት ቅጠሉን እንኳ ወደ ጓሮው ማስገባት የለበትም ብዬ አምናለሁ። በክረምት ኩሬዬ ሞልቶ ወደ ጎርፍ መውረጃው ይፈስሳል፤ መውረጃው የሚሄደው ወደ ዓባይ ነው። በዚህ ነገር ላይ ይሉኝታ አልነበረኝም፤ ምክንያቴን ነገርሁት፤ እርሱም ተቀበለኝ።

ባክቴሪያዎቹ እስኪሰፍሩ ድረስ ስድስት ሳምንት ያህል ትዕግሥት ይጠይቃሉ። በዚያ ጊዜ ፋጉሎውን በግማሽ ቀነስሁ። ደንገሉ ቢጫ ሆኖ አስጨንቆኝ ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ግን በሁለት ጠጠሮች መካከል እንደ ጦር የሾለች ቡቃያ አገኘሁ፤ ቅርፊቷ ቡናማ፣ ጫፏ ነጣ ያለ አረንጓዴ ነበር። በማግሥቱ ስለካት ሁለት ጣት አድጋ ጠበቀችኝ።

መብራት ሲጠፋ ግን እሳቀቃለሁ። ውኃው ሲቆም ጠጠሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ያልቃል፤ ባክቴሪያዎቹም ይታፈናሉ። ስለዚህ በየሰዓቱ ሁለት ጀሪካን ከኩሬው እየቀዳሁ ጠጠሩ ላይ አፈስሳለሁ። አንድ ጊዜ ቀኑን ሙሉ ጠፍቶ በመዋሉና እኔም ከቤት ባለመኖሬ፣ ፓምፑ ሲነሣ መጀመሪያ የወጣው ውኃ የበሰበሰ እንቁላል ሸተተ። እርሱን ወደ ኩሬው ሳላስገባ በታፖው በኩል ወደ መሬት ደፋሁት። ወባ ባለበት ከተማ ደግሞ ውኃ ማቆም ኃላፊነት ስላለው፣ የመደቡን ውኃ ከጠጠሩ ገጽ 3 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጌዋለሁ፤ ትንኟ እንቁላል የምትጥልበት ገላጣ ውኃ አታገኝም። ኩሬው ውስጥ የሚፈለፈለውን ደግሞ ቀረሶዎቹ ይለቅሙታል።

ክረምት ሳይገባ ሁለት ሥራ ቀርቶኛል። ሥሮቹ ቱቦውን ሳያንቁት ደንገሉን ሲሶ ያህል ነቅዬ ለአዛውንቱ መመለስ አለብኝ፤ የሐይቁ ዳርቻ በተመነጠረበት ቦታ ሊተክሉት ፈልገዋል። ሁለተኛው የኩሬው መፋሰሻ ቦይ ነው፤ ጎርፉ ወደ ውስጥ ጭቃ እንዳያመጣ ከላይ በኩል በድንጋይ መከተር ይኖርብኛል። ድንጋዩን ትናንት አስመጥቻለሁ፤ ከበሩ አጠገብ ተከምሯል።