ዝቅ ያለ ወለል ያለው አውቶቡስ፦ ጥናቴ የት ደረሰ?

ሰላም ወዳጆች፣ ከድሬዳዋ። ስለ ጭነት መኪና ሻንሲ (ሞተርና ጎማ የሚሸከመው አጽም) ሳጠና ቆይቼ አሁን ወደ ከተማ አውቶቡስ ተሻግሬያለሁ። የመረጥኩት የስዊድኑን ቮልቮ ቢ7አርኤልኢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ለገበያ የቀረበ ሻንሲ ነው። ከኋላ የተቀመጠ 7 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር አለው። ኤድንብራ፣ ባንጋሎር፣ ብሪዝበን፣ ሆንግ ኮንግ ሠርቶባቸዋል። አንዱን ጠንቅቆ ያወቀ ሰው የብዙ ከተማ አውቶቡስ ሆድ ዕቃ ገባው ማለት ነው።

የማጠናው በካርቶን ሞዴል እየሠራሁ ነው። መጠኑ 1 ለ 20 ነው። 12 ሜትር የሚረዝመው አውቶቡስ 60 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ጠረጴዛዬ ላይ ይቀመጣል። ሥዕል ብቻ ሲያዩ የሚያልፍ ነገር በካርቶን አያልፍም፤ እያንዳንዱ ክፍል ቦታ ይጠይቃል።

ለምሳሌ ጎማውን እንውሰድ። የዚህ ዓይነት አውቶቡስ የተለመደው ጎማ 275/70 አር 22.5 ነው፤ ስፋቱ 275 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 70 በመቶ፣ ቸርኬው 22.5 ኢንች ማለት ነው። ስታሰሉት ቁመቱ 96 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። ወለሉ ደግሞ በር ላይ ከመሬት 35 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ጎማው ከወለሉ በላይ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቅ ይላል። በዚህ ዓይነት አውቶቡስ የተሳፈራችሁ ካላችሁ፣ የፊት ጎማ ላይ ያለው ትልቅ ሳጥን መተላለፊያውን ለምን እንደሚያጠበው አሁን ገባችሁ።

ከባዱ ግን እሱ አይደለም። አክስሉ ነው፤ የግራና የቀኝ ጎማዎችን የሚያገናኘው ብረት። የጎማው መሃል ከመሬት 46 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ላይ ነው፤ ማለትም ከወለሉ በላይ። ቀጥ ያለ አክስል ብታስገቡ ተሳፋሪው በሚራመድበት መሃል ያልፋል። ከፊት መፍትሔው ቀላል ነው። የፊት አክስል ሞተር አያሽከረክረውም፤ ስለዚህ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ወደ ታች ታጥፎ ይሠራል፣ ወለሉም በላዩ ያልፋል።

የኋላው ግን ዲፈረንሻል ተሸክሟል፤ የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ ጎማዎች የሚያካፍለውን። ዝም ብሎ አይታጠፍም። መሐንዲሶች ሁለት መንገድ አላቸው። አንደኛው ፖርታል አክስል የሚባለው ነው። የጀርመኑ ዜድኤፍ ኩባንያ የሚሠራው ኤቪ 132 ታዋቂ ነው። ዲፈረንሻሉ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፣ አክስሉ ከጎማው መሃል በታች ይወርዳል፣ ከዚያ ጎማው አጠገብ ያሉ ጥርሶች ኃይሉን መልሰው ወደ ላይ ያነሱታል። ወለሉ እስከ ኋላ ዝቅ እንዳለ ይሄዳል። ሁለተኛው መንገድ የኋላውን አክስል እንዳለ መተው ነው። ከፊት እስከ መሃለኛው በር ወለሉ ዝቅ ይላል፤ ከዚያ ወደ ኋላ በደረጃ ይወጣል።

ቢ7አርኤልኢ ሁለተኛውን ነው የያዘው። ቮልቮ የመጀመሪያውንም ሞክሯል። ቢ7ኤል የሚባለው ሻንሲ ሞተሩን ወደ ኋላ ግራ ጥግ ገፍቶ ወለሉን እስከ ኋላ ዝቅ አድርጎት ነበር። ብሪታንያ ውስጥ ግን ይበልጥ የተሸጠው ባለ ደረጃው ነው። እኔም ከሱ ጎን ነኝ። አረጋዊውና ሕፃን ያዘለችው እናት ከፊት በቀላሉ ይገባሉ፣ ጋራዡም የለመደውን አክስል ይፈታል። የተጨመረ ጥርስ ሁሉ ዘይት፣ ሙቀትና ወጪ ነው። የድሬን ሙቀት ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ሌላው የወደድኩት ነገር ሻንሲው ብቻውን ከፋብሪካ መውጣቱ ነው። ቦዲውን ሌላ ሰው ይሠራል። የኤድንብራው የአውቶቡስ ድርጅት ሎዚያን የሰሜን አየርላንዱን ራይት ቦዲ አለበሰው። ብሪዝበን የአውስትራሊያውን ቮልግሬን። የሆንግ ኮንጉ የአውቶቡስ ድርጅት ኬኤምቢ ያሠራው ግን ኤምሲቪ ዘንድ ነው፣ ማለትም ግብፅ! አፍሪካ ውስጥ የተገጣጠመ ቦዲ በሆንግ ኮንግ መንገድ ላይ ሲሠራ ማሰብ ልብ ይሞላል። ባንጋሎር ደግሞ ከ2006 ጀምሮ ባለ ኤሲውን ቮልቮ በከተማ መስመር አሰማርታለች። ፋብሪካውም እዚያው አጠገቧ ሆስኮቴ ነው። በአውሮፓ የጭስ ሕጉ ወደ ዩሮ 6 ሲጠብቅ ከ2013 ጀምሮ ቢ8አርኤልኢ ቦታውን ተረከበ።

ጎረቤቴ ቦዲ ሠሪ ነው፤ ቅጥቅጥ ሲገጣጥም ነው የኖረው። ሞዴሉን አገላብጦ አየና፣ «አቦ፣ የዚህ ሻንሲ መሃሉ የት ሄደ?» አለኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ቅጥቅጥ የሚሠራው በአይሱዙ የጭነት ሻንሲ ላይ ነው። ሁለቱ ብረቶች ከፊት እስከ ኋላ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ፣ ወለሉ ከነሱ በላይ ይቀመጣል፣ ሰው በደረጃ ይወጣል። ከቀፊራ ገበያ ዕቃዋን ይዛ የምትመጣ እናት እዚያ ደረጃ ላይ ስትቸገር ሁላችንም አይተናል። ዝቅ ባለው አውቶቡስ ላይ መሃለኛው ብረት ወደ ታች ይወርዳል፣ ጭነቱንም የቦዲው ወለልና ጎን አብረው ይሸከማሉ። «እንግዲያው ብየዳው ላይ ቀልድ የለም» አለ ጎረቤቴ። እኔም እንደዚያ ነው የማምነው።

በባሌስትራ ፋንታ አየር የተሞላ የጎማ ከረጢት ነው ያለው። ፌርማታ ላይ ሾፌሩ አየር ሲያስወጣ በሩ በኩል ጥቂት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ለዚህ ደግሞ ከፍ ያለ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ግማሽ ጥቅሙ ይቀራል።

ድሬ ላይ ይሠራል ወይ? የከዚራ ሰፈር ሜዳ ነው፣ መንገዱም ቀጥ ያለ ነው። በእኔ ግምት እዚያ በደንብ ይሠራል። የሚያሳስበኝ የፍጥነት መቀነሻው ጉብታ ነው። አፍንጫው ከፊት ጎማው ከ2.5 ሜትር በላይ ወጥቶ ይሄዳል። ሹል ጉብታ ላይ ሆዱን ይፍቃል። ዝናብ ጥሎ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ሲያመጣም እንደዚሁ። ወደ ሐረር የደንገጎን ዳገት መውጣትማ የዚህ ሥራ አይደለም፤ እሱን ለአገር አቋራጩ ተዉለት።

አሁን የፊቱ ግማሽ አልቋል። ቀጥሎ የፖርታል አክስሉን ለብቻው 1 ለ 10 ልሠራው ነው፣ ጥርሶቹ እንዲታዩ። ከእናንተ አንድ ነገር እፈልጋለሁ። በየከተማችሁ የቅጥቅጥ የመጀመሪያ ደረጃ ከመሬት ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሆነ ለክታችሁ ጻፉልኝ። የመኪናውንም ዓይነት ጨምሩ። ከዚህ አውቶቡስ 35 ሳንቲ ሜትር ጋር በአንድ ሥዕል ላይ አሰልፌ አሳያችኋለሁ።